ገብረማር የሚባል አያት

ሰኞ መጋቢት 8

መብራት ሁለቴ ሄደ። ሁለቴም ማሽኔ በሁለት ሰከንድ ተነሳች። ቢሮ ውስጥ ያለው የሀጀራ ፍሪጅ ግን ሩብ ሰዓት ሲያጉረመርም ቆየ።

ዛሬ ሦስት ዓመት ሞላት። ማንም አላስታወሰም፣ እኔም አልተናገርኩም። የእጅ መዳፍ የማታክል ኮምፒዩተር፣ በላይዋ ላይ እኔ የጻፍኩት ሰርቨር፣ ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚመልስ ፕሮግራም። ስድስት መቶ አርባ መስመር። ከአገር ቤት መጥተው በየሰው ቤት የሚሠሩት ልጆች፣ ወደ የመን ለመሻገር የሚያልፉትም፣ እዚህ ካርቲዬ 2 ሰፈር ማኅበራችን ቢሮ መጥተው ስማቸውን ያስመዘግባሉ። ዘመድ ደግሞ ከአገር ቤት በስልኩ ገጻችንን ይከፍትና ስም፣ አባት፣ አያት፣ የትውልድ ቦታ ይሞላል። ካለች “አለች፣ በዚህ ቁጥር ደውሉ” ይላል። ከሌለች “የለም”። በቃ። አራቱም ካልገጠሙ አይከፍትም። ደላሎች ልጆቹን እንዳያገኙ ብዬ ነው። በጠያቂዎች መዝገብ ላይም የሚቀረው የአያት ስም ብቻ ነው፤ ቢሰረቅ እንኳ ሙሉ ስም እንዳይገኝ።

የዛሬውን መዝገብ ሳይ… “ገብረማር”። ገብረማር የሚባል አያት አለ? ባለፈው ሳምንት ደግሞ “ወልደጊዮ” ነበር። የገዛ አያትን ስም መጨረስ ምን ያቅታል? ጣታቸው ይቸኩላል። ጽፈው እንኳ አያነቡትም።

ጾሙ ነው መሰለኝ የሚያናድደኝ። ወይም ሙቀቱ። ወይም ሰው።

ረቡዕ መጋቢት 10

ሀጀራ ሰው ይዛ መጣች። ጃቢር ይባላል። የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ድሬዳዋ ተምሮ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል። ነፃ ቀጠናው ውስጥ የአንድ መጋዘን ኮምፒዩተሮች ኃላፊ ነው አሉ። ሀጀራ ሊቀመንበር ናት፣ ያሻትን መጋበዝ ትችላለች። እኔን መጠየቅ ግን…

ማሽኗን አንስቶ ገለበጣት።

“ይቺ ናት?”

“አስቀምጣት።”

“ዋላሂ የሳሙና መያዣ መስላኝ ነበር! ላይዋ ላይ ያለው የትኛው ሰርቨር ነው?”

“የራሴ።”

“እሺ፣ የትኛው?”

“የራሴ አልኩህ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።”

ጃቢር ወደ ሀጀራ ዞረ። ሀጀራ ጣራውን አየች።

“እማማ፣ ዓለም ሁሉ የሚሠራበት ሰርቨር በነፃ አለ እኮ። ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት የተለፋበት። ስንት ሺህ ሰው ያየው።”

“አንተ አይተኸዋል?”

“በየቀኑ ነው የምሠራበት።”

“ኮዱን ነው ያልኩህ። አንብበኸዋል?”

“ኧረ ማን ያነበዋል!”

“እኔ የእኔን አንብቤዋለሁ።”

ሳቀ። ሀጀራም አብራ ሳቀች። የእሷ ሳቅ ነው የቆረቆረኝ። “የውብዬ፣ አትቆጪ፣ ሁላችንም ጾመኞች ነን” አለችኝ። እሷ ረመዳን፣ እኔ ሁዳዴ። ጾም ያስቃል እንዴ?

ሐሙስ መጋቢት 11

እማማ። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ማክሰኞ መጋቢት 16

ሙሉነሽ ደወለች። የጥር ወር መጨረሻ ላይ የተመዘገበች ልጅ ናት። የመርሳ ልጅ፤ እዚህ አንድ ቤት ውስጥ አዳሪ ሠራተኛ። ስታስመዘግብ ያለችውን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፦ “ተጣልቼ ነው የወጣሁት። ከፈለጉኝ እመለሳለሁ። እስከ ሚያዝያ 30 ካልፈለጉኝ ግን እሻገራለሁ።” የመመለሻውን ወጪ ማኅበሩ ይችላል ብያት ነበር። ጉዳዩ እሱ አይደለም አለችኝ።

“እትዬ፣ የፈለገኝ ሰው አለ?”

ገጹን አየሁ። ምንም።

“የለም።”

“እሺ።” ዘጋች። እንደ ሕፃን አይደለችም፣ አትለማመጥም። እኔም ማባበል አልችልበትም።

ይኸው ስለ ሲምቦ እንዳስብ አደረገችኝ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ስሟን እዚህ ደብተር ላይ አልጻፍኩም። ዛሬ ልጻፈው።

ሲምቦና እኔ አንድ ግቢ ውስጥ ነበር የምንሠራው፣ ፈረንሳዮቹ ጋ። ማንበብ እችላለሁ ብዬ አስወርቼ ነበር። ማዳም የጣለችውን ጋዜጣ ይዤ በረንዳ ላይ እቀመጥ ነበር። ምን አስቤ እንደሆነ… መከበር ነዋ። አንድ ቀን ሹፌር ከእናቷ ደብዳቤ አመጣላት፤ ጸሐፊ ዘንድ ሄደው ያስጻፉት ነው። “አንብቢልኝ” አለችኝ። ወረቀቱን አየሁት። እንደ ጉንዳን ሰልፍ ነበር። “ሁሉም ደህና ናቸው። በርቺ ይሉሻል” አልኳት። ደስ አላት። በሳምንቱ ተሻገረች። ጀልባው አልደረሰም።

ወረቀቱን እኔ ጋ ትታው ነበር። ዓመት ተኩል ፈጀብኝ፤ ከዱቄት ጆንያ ላይ፣ ከልጆች ፊደል ገበታ ላይ ለቅሜ ማንበብ ቻልኩ። መጀመሪያ ያነበብኩት እሱን ነው። “አትሻገሪ” ይላል። ሦስት ቦታ። ለእናቷ አልነገርኩም። ለሽብሩም አልነገርኩም፤ ባሌ ሆኖ፣ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖረን፣ ጋቦዴ ባለችው ቤታችን ሞቶ እስኪቀበር ድረስ።

ከዚያ ወዲህ ያላነበብኩትን አላምንም። ፈረንሳዮቹ ሲሄዱ ጥለውት የሄዱትን ላፕቶፕና መጽሐፍ ሁሉ አንብቤ ጨረስኩ። አሁን አንድ ጎረምሳ መጥቶ ማንም ያላነበበውን ተቀበይ ይለኛል።

ረቡዕ መጋቢት 24

ኢድ አለፈ። ጃቢር ሳምቡሳ ይዞ መጣ። የሥጋ። “ውይ፣ እናንተ ገና ናችሁ ለካ!” ረስቶ ነው ይላል። እያየሁት ሦስት በላ።

ከዚያ ጀመረ። ሀጀራ ፊት፣ ወንበር ገልብጦ ተቀምጦ።

“ለምን ራስሽ ጻፍሽው? እሱን ብቻ ንገሪኝ።”

“ትንሽ ነው። ቀላል ነው። ስልክ ቻርጅ በሚያደርግ ገመድ ነው የሚነሳው። የማያስፈልግ ነገር የለበትም። ሲበላሽ የት እንደተበላሸ አውቃለሁ።”

“ያንቺ ሲበላሽ ታውቂያለሽ። ሳይበላሽ ሲሳሳትስ?”

“ማለት?”

“ያኒ፣ እየሠራ፣ ግን ስህተት ሲሠራ። እማማ፣ ትልቁን ሰርቨር የሠሩት ሰዎች ከአንቺ ስለሚበልጡ አይደለም። ከአንቺ በፊት ስለተሳሳቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ተሳስተው ተሳስተው ጨርሰዋል። አንቺ ገና ልትጀምሪው ነው።”

መልስ ሳጣ ደግሞ እጠላለሁ፣ ሰውየውን።

“ረጅም ነገር ብልክባት ምን ትሆናለች?” አለ።

“ማነው ረጅም ነገር የሚልከው? ስም ነው የሚላከው። ለአንድ ጥያቄ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ቦታ ሰጥቻለሁ። አንድ ፊደል ሦስት ቦታ ይይዛል። ሰባ፣ ሰማንያ ፊደል ይበቃል። ቆጥሬዋለሁ።”

“ልሞክራት ፍቀጂልኝ።”

“አልፈቅድም።”

“ኮዱን አሳዪኝ እሺ።”

“አላሳይም። ያንተን አንብበህ ና፣ ከዚያ የእኔን ታነባለህ።”

ሀጀራ መሀል ገብታ፣ ቢያንስ “የለም” ከሚለው ሥር የቢሮውን ስልክ እንጻፍበት አለች። ያንንም እምቢ አልኩ። ደላላ ሁሉ ይደውላል። “የለም” ማለት የለም ነው፣ ምን ማብራሪያ ይፈልጋል?

ማክሰኞ ሚያዝያ 7

ሙሉነሽ። “የፈለገኝ ሰው አለ?”

“የለም።”

“አንድ ጊዜም?”

“አንድ ጊዜም።”

ከጀርባዋ የሕፃን ልቅሶና የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማኛል። “ወንድሜ እንኳ ይፈልገኛል ብዬ ነበር” አለች።

አልመከርኳትም። አትሂጂ ማለት እችል ነበር። ግን ምን ብዬ? ከማን ተልኬ? አንዴ ከራሴ ፈጥሬ ተናግሬ ያየሁትን አይቻለሁ። አሁን ማሽኑ የሚለውን ብቻ ነው የምናገረው።

መዝገቡ ላይ ዛሬም “ገብረማር”። አምስተኛ ጊዜው ነው ይሄ ሰውዬ። ግትር። አምስት ጊዜ ያንኑ ስህተት። ትምህርት ቤት የሚባል አልነበረም አገሩ?

ሰኞ ሚያዝያ 13

ፋሲካ አለፈ። ብቻዬን በላሁ። ጃቢር “እንኳን አደረሰሽ እማማ” ብሎ መልእክት ላከ። አልመለስኩም።

ማክሰኞ ሚያዝያ 21

የማኅበሩ ሴቶች ተሰብስበው ነበር። ሀጀራ እንደ ዳኛ አስቆመችን። ጃቢር የእሱን አስረዳ፣ እኔ የእኔን። ማንም ምንም አልገባውም። በመጨረሻ አንዷ “የሚሠራ ነገር ለምን ይነካል?” አለችና እኔ አሸነፍኩ።

ሲወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ሳቁ ጠፍቷል።

“አንቺ እኮ ሰርቨሩን አይደለም የምትከላከዪው።”

“ምንድነው ታዲያ?”

“እኔንጃ። አንድ ሰው የከሰሰሽ ነው የምትመስዪው።”

ሂድ አልኩት። ምን ያውቃል? ማን ነገረው? ማንም። ማንም አያውቅም።

ሐሙስ ሚያዝያ 30

ሙሉነሽ ደወለች። ይህን ጊዜ አልጠየቀችም፣ እኔ ቀድሜ ገጹን ከፍቼ ነበር። “የለም” አልኳት። “አመሰግናለሁ እትዬ” አለች። አመሰግናለሁ።

ሰኞ ግንቦት 4

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት አንድ ሰው ገባ። ሠላሳ ቢሆነው ነው፤ አቧራ የጠገበ፣ ስልኩን በሁለት እጁ የያዘ። በጭነት መኪና ከመርሳ ሦስት ቀን ተጉዟል። ወሰኑ ወልደሰንበት እባላለሁ አለ። “እህቴን ፈልጌ ነው። ገጻችሁ የለም ይላል። ግን ለጓደኛዋ እናንተ ጋ ተመዝግቤያለሁ ብላታለች። ግራ ቢገባኝ ራሴ መጣሁ።”

“እህትህ ማን ትባላለች?”

“ሙሉነሽ። ሙሉነሽ ወልደሰንበት ገብረማርያም።”

ገብረማርያም።

“እኔ ፊት ጻፈው” አልኩ። ጃቢር ሀጀራ ጋ ቆሞ ነበር፣ መጥቶ ከጀርባችን ቆመ። ወሰኑ በዝግታ ጻፈ። ስም። አባት። አያት። እስከ መጨረሻዋ “ም” ድረስ ጻፈ፣ አየሁት። መርሳ። ነካው።

የለም።

መዝገቡን ከፈትኩ። ገብረማር።

ጃቢር ላፕቶፑን አወጣ። ይህን ጊዜ ሳይጠይቅ ሞከራት። ከስልኩ የሚወጣውን ጥያቄ እንዳለ፣ ገና ማሽኔ ሳትፈታው፣ አሳየኝ። አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። ሁሉም ፐርሰንት፣ ሆሄ፣ ቁጥር፣ ፐርሰንት፣ ሆሄ፣ ቁጥር…

“ፊደል ሦስት ቦታ ይይዛል ብለሽኛል” አለ። “ኮምፒዩተር ውስጥ ልክ ነሽ። አድራሻ ላይ ሲሄድ ግን እያንዳንዷ ቦታ ሦስት ምልክት ትሆናለች። አንድ ፊደል ዘጠኝ ነው።”

ዘጠኝ። በገጹ አድራሻ ላይ ያለውን “ፍለጋ”ን፣ “ስም”፣ “አባት”፣ “አያት”፣ “ቦታ” የሚሉትንም በአማርኛ ነው የጻፍኳቸው፣ እየኮራሁ። እነሱም ዘጠኝ ዘጠኝ። ሂሳቡን ወረቀት ላይ ሠራሁት። ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት የሚያልቀው ከ“ገብረማር” ቀጥሎ ነው። ልክ እዚያ ጋ።

ቀሪውን ቆርጣ ትጥላለች። ያላነበበችውን እንዳነበበች ሆና ትመልሳለች። የለም ትላለች።

ከማን ተማረችው?

ማሽኗን ስሞክራት የነበረው በማን ስም እንደነበር አስታወስኩ። ሲምቦ ቶላ ጉታ፣ መቱ። አጭር ስም። ሁልጊዜ ያልፋል።

የሙሉነሽ ስልክ ዝግ ነው። አሠሪዋ ጋ ደወልን። ሐሙስ ማታ ወጥታለች።

ማክሰኞ ግንቦት 5

ትናንት ለወሰኑ ነገርኩት። ሀጀራ በዓይኗ ተይው ትለኝ ነበር። “የኔትወርክ ችግር ነው እንበለው” አለችኝ ወደ ጓዳ ስባ። ሃያ አንድ ዓመት አንድ ነገር ደብቄ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሁለተኛ አልሸከምም።

“ስህተቱ የአንተ አይደለም” አልኩት። “አንተ በትክክል ጽፈሃል። የእኔ ማሽን ናት ግማሹን የጣለችው። እህትህ እስከ ሐሙስ ድረስ እዚህ ከተማ ነበረች። እየደወለች የፈለገኝ አለ ወይ ስትለኝ፣ የለም ያልኳት እኔ ነኝ።”

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

“ሦስት ወር” አለ። “እኔ መጻፍ አቅቶኝ መስሎኝ አስተማሪ ለምኜ አስጻፍኩ እኮ። አስተማሪውን!”

“አውቃለሁ።”

“ምኑን ነው የምታውቂው?” እርስዎ ሲለኝ የነበረው አንቺ አለኝ። “አንቺ ነሽ የሠራሽው?”

“እኔ ነኝ።”

“ማን ሥሪ አለሽ?”

ይሄን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ጃቢር እንኳ።

መምታት ቢፈልግ እቆምለት ነበር። አልመታኝም። በሩን ብቻ በጥፊ መታው።

ጃቢር ነግሬሽ ነበር አላለም። ቢል ይሻለኝ ነበር። ቁጭ ብሎ የሦስት ዓመቱን መዝገብ ከላይ እስከ ታች አየ። ተቆርጦ የቀረ አያት መቶ አሥራ ሰባት። ገብረ ያለበት፣ ወልደ ያለበት፣ ኃይለ ያለበት። እነማን ነበሩ? ማንን ሲፈልጉ? አላውቅም። ሙሉ ስማቸውን ለደህንነት ብዬ አላስቀመጥኩትም።

እኔ ደግሞ ስማቸውን መጨረስ አያውቁም ብዬ ስስቅ…

ሐሙስ ግንቦት 7

ጃቢርና ወሰኑ ጀልባዎቹ ወደሚነሱበት ኦቦክ ደርሰው ተመለሱ። በጃቢር መኪና፣ በታጁራ በኩል። የሚያውቃት ሰው አገኙ። ጀልባው ማክሰኞ ሄዷል። መድረሱን የሚያውቅ የለም።

ወሰኑ አገሬ አልመለስም አለ። የማኅበሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ይተኛል፣ ቀን ወደብ ላይ ይሸከማል። ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል።

ቅዳሜ ግንቦት 9

ማሽኔን አጠፋኋት። ራሴ ነቀልኩት ገመዱን። አላለቀስኩም።

ጃቢር ትልቁን ሰርቨር ጫነ። ልጫንልሽ ሲለኝ “ጎን ሆነህ ንገረኝ፣ የምጽፈው እኔ ነኝ” አልኩት። ተስማማ። መመሪያውን ማንበብ ጀምሬያለሁ፤ ማለቂያ የለውም። ግን አንድ ገጽ ላይ የእኔን ስህተት አገኘሁት። የጥያቄ ርዝመት ሲያልፍ ምን እንደሚደረግ። ስም ሁሉ አለው። ሌላ ሰው፣ ሌላ አገር፣ እኔ ፊደል ሳልቆጥር ተሳስቶበታል። ይሄ ሰርቨር ከአቅሙ በላይ ሲሆን “በዛብኝ” ብሎ ይመልሳል። ያላነበበውን አነበብኩ አይልም።

አሁንም አልወደውም። ግን እኔ በሃያ ስምንት ዓመቴ ያቃተኝን አንዲት ቃል፣ “አልችልም” ማለትን፣ ይችላል።

“የለም” የሚለውን ሰርዤ “አላገኘናትም፤ ልንሳሳት እንችላለን፤ ደውሉልን” ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ የቢሮው ስልክ። ሀጀራ አንብባ ቁጥሩን አረጋገጠች። ሙሉነሽ ስም ላይ ደግሞ “ወንድምሽ ወሰኑ እዚህ ነው፣ ይፈልግሻል” የሚል አስገባሁበት፣ የእሱን ቁጥር ጨምሬ። ስሟን የሚያውቅ ብቻ ነው የሚያየው፤ እሷም ካለችበት ሆና የራሷን ስም ብትጠይቅ ታየዋለች።

ረቡዕ ግንቦት 13

ሰባት ስልክ። ሁለቱ ደላላ። ሰደብኳቸው። አንዷ እናት፤ የባሏ አባት ገብረመድኅን። ዓምና ፈልጌ የለም ብሎኝ ነበር አለች። ለእሷም ነገርኳት። ረገመችኝ። እርግማኗን ሰምቼ ከጨረስኩ በኋላ የልጇን ስም ጻፍኩ።

ለጃቢር ስለ ሲምቦ ነገርኩት። ምሳ ላይ፣ እንዲሁ ሳላስበው። ማኘኩን አቆመ። “ደብዳቤው አለ?” አለ። አለ አልኩት። “ለእናቷ ይሰጣል” አለ። እማማም አላለኝ።

መቱ ሰው ጠይቄ አስጠይቄ እናቷን እፈልጋለሁ። በሕይወት ካለች።

ሰኞ ግንቦት 18

ይህ ሰርቨር ጥያቄውን ሁሉ እንዳለ ይመዘግባል። ሙሉ ስም በመዝገብ እንዳይቀር ያንን ላጠፋው ነበር የተቀመጥኩት። ወሰኑ ወደብ ላይ ነው። ዕቃ ቤቱ መብራት ስለሌለው ጠዋት ጠዋት ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ ቻርጅ ሊያደርግ ይተዋል፤ ሰላም ሳይለኝ።

መዝገቡን ከፈትኩ። የመጨረሻው መስመር ረጅም ነው። ሁለት መስመር ሞልቶ ወደ ሦስተኛው ያልፋል። ፐርሰንት ኢ አንድ፣ ፐርሰንት… ፊደሎቻችን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጀምሩት። የሚፈታ ፕሮግራም አለኝ። አልከፈትኩትም። እርሳስ አነሳሁ። ዘጠኝ ዘጠኙን እያከበብኩ፣ ከፊደል ቁጥሮች ሰንጠረዥ ጋር እያመሳከርኩ፣ እንደ ድሮው ከጆንያ ላይ እንደምለቅመው።

ሙ። ሉ። ነ። ሽ።

ቀጠልኩ። ወ። ል። ደ። ሰንበት አለቀ። ገ። ብ። ረ። ማ። ር።

እዚህ ጋ እጄን አነሳሁ። ከዚያ ደግሞ ያ። ም።

መርሳ።

ከአምስት ደቂቃ በፊት የተጠየቀ ነው። ወሰኑ አይደለም፣ ስልኩ ክርኔ ሥር ነው። ጃቢር ጋ ደውዬ ጥያቄው የመጣበትን የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር አነበብኩለት። ሲጽፍ ሰማሁት። “ከየመን ነው” አለ። “እትዬ የውብዳር፣ ከየመን ነው። ራሷ ናት።”

ሀጀራን ወደብ ላክኋት፣ ወሰኑን ይዛው እንድትመጣ። ሮጠች፤ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም።

እሷ ከወጣች በኋላ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጠራ። ቁጥሩን አላውቀውም። የእኔ ስልክ አይደለም። እስኪመጣ ልጠብቅ? ቢዘጋስ? አራተኛው ላይ አነሳሁት።

የንፋስ ድምፅ ነበር። ከዚያ፣ “ሀሎ? ወሰኑ ነህ?”

“አይደለሁም፣ እየመጣ ነው። የለም ያልኩሽ ሴትዮ ነኝ” አልኳት። “ሙሉነሽ፣ አለ። ከጥር ጀምሮ አለ።”